ክዳኑን እንዳልዘጋ አዘው ለሄዱት ለክቡር አስተዳዳሪ

ለክቡር የቤታችን ኮምፒውተር ዋና አስተዳዳሪ፣
ለታላቅ ወንድሜ፣
ባሉበት።

ጉዳዩ፦ በመሃል ተቋርጦ ስለቀረ ጥገና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ትንፋሽዎ ከእንግዲህ እንደማያጥርዎት፣ ደረጃ ሲወጡም በየመሃሉ ቆመው ስልክ የሚያዩ መምሰል እንደማያስፈልግዎት ተስፋ አለኝ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ማለቴ፣ ሲጠይቋት ደህና ነኝ ትላለች። ላፕቶፑም ደህና ነው። ክዳኑ አልተዘጋም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት በግል የላኩልዎት መልእክቶች በሙሉ ሳይነበቡ ስለቀሩ ነው። ስልክዎ እማዬ ቁም ሳጥን ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ አላጣሁትም። ቢሆንም ሥራውን የማይሠራ መሥሪያ ቤት እንኳ "ማመልከቻህ ደርሶናል" ማለት አይከብደውም። ስለዚህ እርስዎ የሰው ጥያቄ ሲመልሱ በኖሩበት በዚህ በሊኑክስ ተጠቃሚዎች የኢንተርኔት ገጽ ላይ አቤቱታዬን ለማውጣት ወስኛለሁ። እዚህ "ሐኪሙ" እየተባሉ እንደሚጠሩ አውቃለሁ። የገጹ አባላት ስለ ትዕግሥትዎ ብዙ መልካም ነገር ጽፈዋል፤ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። እነሱ ግን ከእርስዎ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አልተኙም።

አቤቱታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፦ ዋይፋይን በተመለከተ።

በቤታችን ያለው ላፕቶፕ አንድ ብቻ መሆኑ፣ እሱም እርስዎ ረዳት ሆነው ከሚሠሩበት የኮሌጅ ኮምፒውተር ክፍል "አያገለግልም" ተብሎ ሲወገድ ያመጡት አሮጌ መሆኑ ይታወቃል። በአሮጌነቱ አልተከፋሁም። ላፕቶፑን የሚያንቀሳቅሰውን ሊኑክስ የተባለ ሲስተም ሲጭኑበትም አልተከፋሁም። ቅር ያሰኘኝ ሊኑክስ አንድ ሳይሆን ብዙ ዓይነት መሆኑን፣ እያንዳንዱ ዓይነት ስርጭት እንደሚባል፣ እርስዎም ሁሉንም አንድ በአንድ ሊቀምሱ እንዳሰቡ አስቀድመው አለማሳወቅዎ ነው።

መጀመሪያ የጫኑትን "ሽማግሌው" ብለው ሰየሙት። ቀርፋፋ ነበር፤ መልኩም አያምርም ነበር። ነገር ግን ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። ክቡርነትዎ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግመው እንዲያነቡት እለምናለሁ፦ ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። ዋይፋዩ ይሠራል፣ ድምፁ ይሠራል፣ ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል፣ ሲከፈት ይነቃል። እርስዎ ግን ሁሉም ነገር በሚሠራበት ቤት ውስጥ መቀመጥ አይችሉም። "ሰለቸኝ" አሉና "አረንጓዴውን" አመጡ። አረንጓዴው መጣ፣ ዋይፋዩ ሄደ።

ዋይፋዩ እንዲመለስ ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም እንደሚያስፈልግ፣ ድራይቨሩ የሚገኘው ከኢንተርኔት እንደሆነ፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ የሚመጣው በዋይፋዩ እንደሆነ አልጋዎ ላይ ተንጋለው በሳቅ እየፈረሱ አስረዱኝ። እኔ በማግስቱ የማስረክበው የጂኦግራፊ የቤት ሥራ ስለነበረኝ አልሳቅኩም። ይህንኑ ምክንያት ለመምህሬ ቃል በቃል ስደግምላቸው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ለዚህ የማይረሳ አጋጣሚ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፦ ድምፅን፣ ብርሃንን እና የእኔን ክንድ በተመለከተ።

ዋይፋዩ በስንት መከራ ሲመለስ እፎይ ያልኩት በከንቱ ነበር፤ ወዲያው "ጥቁሩ" ተጫነ። በጥቁሩ ላይ ስክሪኑ ወይ ዓይን ያጠፋል ወይ ጨርሶ አይታይም፤ መካከለኛ የሚባል ነገር አያውቅም። ስፒከሩ ደግሞ ድምፅ የሚያወጣው የኢርፎኑ ሽቦ እስከ ግማሹ ብቻ ሲገባ ነው። እስከ መጨረሻው ከገባ ዝም፤ ከወጣም ዝም። ያንን የዋንጫ ጨዋታ ሽቦውን በሁለት ጣቴ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ ማየቴን አይዘነጉትም። ጎል ሲገባ ዘልዬ ብነሳ ድምፁ ጠፋና "አንተ ልጅ፣ ቦታህን ያዝ! ተጫዋቹ እንኳ እንዳንተ አልሮጠም!" ብለው ጮሁብኝ። ጎሉን ያስገባው ማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም።

እዚህ ላይ ሕግዎን ላስታውስዎ እወዳለሁ፤ ሕግዎን ለሁሉም ሰው ሲናገሩ ሰምቻለሁና። "አንድ ነገር ቀይር፣ ሞክር። ካልሆነ መልሰውና ሌላ አንድ ነገር ቀይር። ሁለት ነገር በአንዴ የቀየረ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም" ይላሉ። መልካም ሕግ ነው። እርስዎ ግን ለሁለት ቀን ያህል አንድ አንድ ነገር ይቀይሩና ሲሰለችዎ ሲስተሙን ከነነፍሱ ጠርገው ሌላ ይጭናሉ። ችግሩን አይፈቱትም፤ ከችግሩ ይሰደዳሉ። ስርጭት የሚቀይሩት ሐኪም ቤት ደርሰው በመጡ ማግስት መሆኑን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። የልብ ሐኪሟ "ዕረፍት ያስፈልግሃል" ባለችዎ ቁጥር አዲስ ስርጭት የሚጭኑበትን ፍላሽ ይፈልጉ ነበር። ዕረፍትን እንዲህ የተረጎመ ሌላ በሽተኛ እንደሌለ አምናለሁ።

ሦስተኛ፦ "ወንድሜ" የሚለውን ቃል በተመለከተ።

ሰሞኑን ሥራ ስለሌለኝ በዚህ ገጽ ላይ የሰጧቸውን መልሶች ከታች ወደ ላይ ሳነብ ከረምኩ። ሥራ የለኝም ያልኩት ትምህርት ቤት ስለማልሄድ አይደለም፤ እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እመለሳለሁ። እናም አንድ ቀን ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት ላፕቶፕ ያለው የማላውቀው ሰው ስርጭት ቀይሮ ዋይፋዩ እንደጠፋበት የጻፈውን አገኘሁ። የእርስዎ መልስ እንዲህ ይላል፦ "አይዞህ ወንድሜ፣ ይህ የዋይፋይ ካርድ ሰው ያስቸግራል፣ ያንተ ጥፋት አይደለም። መጀመሪያ የካርዱን ቁጥር እንየው። አንቸኩልም፣ አንድ በአንድ እንሄዳለን።" ከዚያም ሰውየው "ሠራ!" ብሎ እስኪጮህ ድረስ ጎኑ ቆዩ።

ክቡር ሆይ፣ እኔም በዚያው ላፕቶፕ፣ በዚያው ካርድ ምክንያት ጎንዎ ቆሜ ነበር። የስልክ ባትሪ እያበራሁልዎት፣ ብሎኖቹን በሻይ ማንኪያ ላይ እየሰበሰብኩልዎት ነበር። ለእኔ የደረሰኝ ቃል "ብርሃኑን ቀና አድርግ! ጥላህን አንሳልኝ!" የሚል ነው። ሰውየው ዕድለኛ ነው። ከሩቅ ስለነበረ ጥላው አላስቸገረዎትም።

አራተኛ፦ ክዳኑን በተመለከተ። ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው።

የመጨረሻው ስርጭት "ችኩሉ" ነው። እንደ ስሙ ዕለት ዕለት አዲስ ነገር ካላወረደ አይሆንለትም። ዋይፋይ የለውም፤ ለምደነዋል። አዲሱ ጠባዩ ግን እንቅልፍ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ በሥርዓቱ ይተኛል፤ ሲከፈት አይነቃም። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ያኔ ያለው ምርጫ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ማጥፋት ብቻ ነው፤ እርስዎ "አንቆ መግደል" ይሉታል፣ እኔንም እንዳላደርገው ከልክለውኛል።

ያን ቀን ጠዋት ኢንተርኔቱን በገመድ ከስልክዎ ወስደው፣ የዋይፋዩን ድራይቨር ለመጫን ተቀምጠው ነበር። ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት ላይ "ጫን" የሚለውን ጻፉ። ባዶ ቦታ ተዉ። የሚጫነውን ነገር ስም ሊጽፉ ሲሉ ታክሲው በር ላይ ክላክስ አደረገ። የሚሄዱት ለምርመራ ብቻ ነበር። ስልክዎን ከገመዱ ነቀሉ፣ ጃኬትዎን ሳይቆልፉ ለበሱ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው "ክዳኑን እንዳትዘጋው። መጥቼ እጨርሰዋለሁ" አሉኝ።

አልዘጋሁትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠቋሚዋ ከባዶው ቦታ ፊት ቆማ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሥራ ሲፈታ በራሱ እንዳይተኛ አድርገውት ስለሄዱ እሱ አይተኛም፤ እኔም ቻርጀሩ ከሶኬቱ እንዳይወጣ ስለምፈራ ለመተኛት ተቸግሬአለሁ። ትምህርት ቤት ሆኜ መምህሩ ስለ ድንጋይ ዓይነት ሲያስረዱ እኔ የማስበው ስለ ሶኬቱ ነው። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ላፕቶፑን ክዳኑን እንደከፈትኩ እንደ ትሪ በሁለት እጄ ተሸክሜ፣ ጄኔሬተር ወዳለው ፀጉር አስተካካይ ቤት እሮጣለሁ። መንገደኛው ሁሉ ይስቅብኛል። ፀጉር አስተካካዩ መጀመሪያ ቀን "ምን ሆነሃል፣ ዝጋውና በብብትህ ያዘው እንጂ!" አለኝ። "አይዘጋም" አልኩት። "የማይዘጋ ላፕቶፕ ከየት አመጣህ ደግሞ!" አለ። ከዚያ ማን እንደሆንኩ ሲያስታውስ መቀሱን አስቀምጦ የራሱን ማሽን ነቀለና ሶኬቱን ለቀቀልኝ። ወንበሩ ላይ ግማሽ ጭንቅላቱ የተላጨ ሰው ነበር። አሁን መብራት በጠፋ ቁጥር አንድ ሶኬት ለእኔ ባዶ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ክብር ያስገኙልኝ እርስዎ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አምስተኛ፦ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን በተመለከተ።

ላፕቶፑን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ መተውዎ አስተዳደራዊ ስሕተት ነበር። አንዷ ጎረቤት ብርሃኑ ዓይኗን ሲወጋት ነጠላዋን ጣል አደረገችበት፤ ፋኑ ታፍኖ መጮህ ሲጀምር ራሷ ደነገጠች። አንድ ሽማግሌ "ይህ ልጅ በለቅሶ ቤት ፊልም ይከፍታል እንዴ?" ሲሉ ሰማኋቸው። አጎታችን ደግሞ የብርጭቆ ትሪ ይዞ መጥቶ ቦታ ሲያጣ እጁን ወደ ክዳኑ ሰደደ። "እንዳትዘጋው!" ብዬ ጮህኩ። እንዲህ መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር። ሴቶቹ በሙሉ አለቀሱ። አክስታችን "እሰይ፣ ይውጣለት፣ ታፍኖ ነበር" እያለች ጀርባዬን መታችኝ። ሰዎቹ ሁሉ ለእርስዎ የጮህኩ መስሏቸዋል። እኔ የተናገርኩት ስለማይነቃ ላፕቶፕ ነበር።

አጎታችን ሰው ከሄደ በኋላ ጎኔ ተቀምጦ ጠየቀኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያውቁታል።

"ቢዘጋ ምን ይጠፋል?"

"ምንም" አልኩት። ፋይሎቹን በሙሉ ወደ ፍላሽ ገልብጫቸዋለሁ፤ አንድም የሚጠፋ የለም።

"ታዲያ?"

ተነስቼ ቻርጀሩን ወደ ሶኬቱ ጠበቅ አድርጌ ገፋሁት። እሱም ላፕቶፑን ቅዳሜ ለሚያውቀው ጠጋኝ ወስዶ፣ ይሄ ሁሉ ነገር ተጠርጎ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት እንዲጫንልኝ፣ እኔም ለፈተናዬ እንድዘጋጅበት ወሰነ። "ወንድምህም ቢኖር ይህን ነው የሚልህ" አለኝ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ቢኖሩ ይህን እንደማይሉ እኔና እርስዎ እናውቃለን። ለእማዬ ስነግራት ግን "ከፈለግክ ይውሰደው፣ ካልፈለግክ ይቅር፣ እኔን አትጠይቀኝ" ብላ ሰሃኖቹን ማጠብ ቀጠለች። የታጠቡ ነበሩ።

እንግዲህ እውነቱን ለገጹ አባላት ልንገራቸው። ባዶው ቦታ ላይ የሚገባው የድራይቨር ስም ምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ለዚያ ለማያውቁት "ወንድሜ" በሰጡት መልስ ውስጥ ፊደል በፊደል ተጽፏል። የእኔም ስልክ ገመድ አለው። ስሙን ጽፎ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የቀረው። የማልጫነው ስለማላውቅ አይደለም። ከጫንኩት ዓረፍተ ነገሩ የእርስዎ መሆኑ ይቀራል። ካልጫንኩት ደግሞ ቅዳሜ ይመጣል።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምጠይቀው ጥቂት ነው። መጥተው እንዲጨርሱት። ይህ የማይመችዎ ከሆነ፣ ክዳኑን መዝጋት እንደምችል የሚገልጽ አጭር ቃል እንዲልኩልኝ። ይህም ካልሆነ ቢያንስ ከበሩ ጋ ሲዞሩ "መጥቼ" የሚለውን ቃል ለምን እንደተጠቀሙ እንዲያብራሩልኝ። "እሞክራለሁ" ማለት ይቻል ነበር። ለገጹ ሰዎች ሁልጊዜ "ይሠራል ብዬ ቃል አልገባም፣ እንሞክረው" ነበር የሚሉት።

እስከዚያው ላደረጉልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ። ያለ ዋይፋይ፣ ያለ ድምፅ፣ ያለ ብርሃን መኖርን በየተራ ስላለማመዱኝ አመሰግናለሁ። በየጊዜው የሚሠራውን ነገር አጥፍተው ከዜሮ ሲጀምሩ አጠገብዎ ስላስቀመጡኝ፣ ከዜሮ መጀመር የሚያስቅ ነገር ነው ብዬ እንዳምን ስላደረጉኝም አመሰግናለሁ።

ለማይደረስበት ጽሕፈት ቤትዎ ያለኝን የማያቋርጥ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ብርሃን ያዥዎ፣ ብሎን ሰብሳቢዎ፣ የግማሽ ሽቦ ኃላፊዎ፣ ባዶ አልጋዎ ፊት ለፊት የምተኛው

ታናሽ ወንድምዎ

ግልባጭ፦
ለእማዬ (ካነበበችው)
ለአጎታችን (ከቅዳሜ በፊት)
ለማላውቅህ፣ ዋይፋይህ ለሠራልህ ወንድሙ

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦

ከላይ ያለውን ትናንት ጽፌ ሳልለጥፈው አደርኩ። ዛሬ ጠዋት እማዬ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አክስታችን ትናንት ሄዳለች። በሩ ሲዘጋ ቤቱ ውስጥ እኔና የፋኑ ድምፅ ቀረን፤ ብቻዬን የሆንኩበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ማንም ስለማይሰማኝ ከዚህ በኋላ "እርስዎ" አልልህም።

ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ ይህን ለእማዬ አትንገር። ስልኬን በገመድ አገናኘሁ። አንተ የተውከው ባዶ ቦታ ላይ ስሙን ጻፍኩ። ፓስወርድ ጠየቀኝ። የማላውቅ መስሎህ ነበር አይደል? ብርሃን እየያዝኩልህ የማየው ብሎኑን ብቻ አልነበረም፤ ጣቶችህን አውቃቸዋለሁ። ተጫነ። የዋይፋዮቹ ስም ተራ በተራ ወጣ፦ የጎረቤት፣ የፀጉር አስተካካዩ፣ የኛ። አገናኘሁት። ሠራ። "ሠራ!" ብዬ ጮህኩ፤ ወደ አልጋህ ዞሬ።

ከዚያ ተቀመጥኩ። የቀረው እንቅልፉ ነበር። እንቅልፉ መስተካከሉን ለመሞከር ደግሞ ከአንድ መንገድ በቀር የለም፤ ብዙ አሰብኩ፣ ሌላ መንገድ የለም።

ዘጋሁት።

ስከፍተው አልነቃም። ጨለማ ነው፣ ፋኑ ይዞራል። ቁልፉን ተጭኜ ይዤ አነቅኩት። ሲነሳ ያንተ መስኮቶች አልነበሩም። ባዶ ስክሪን ነው። ጥጉ ላይ ግን ዋይፋዩ ሳልነግረው ራሱን አገናኝቷል።

አጎታችን ቅዳሜ ሲመጣ ጥገና ላይ ነው እለዋለሁ። ስርጭት አልቀየርኩም፤ እንዳንተ አልሰደድም፣ እዚሁ ችኩሉ ላይ ነኝ። አንድ ነገር ቀየርኩ፣ ዘጋሁት፣ ከፈትኩት፣ አልነቃም። መለስኩት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ገና አልነቃም ነበር። የተረፈውን ፓስታ ሳላሞቀው ከድስቱ በላሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ሌላ አንድ ነገር ብቻ ቀየርኩና ክዳኑን ዘጋሁት።